«የግራው» ፍቅረኛ የያዘ ሰሞን

ወሬውን የሰማሁት ሱቅ ውስጥ፣ ለአንድ የሚኒባስ ሾፌር ፊልትሮ ከመደርደሪያ ላይ እያወረድኩ ሳለ ነው። አባቴ አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ተርታ፣ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ እሱ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሲሄድ ሱቁን የምይዘው እኔ ነኝ። ባንኮኒው ላይ ያስቀመጥኩት ስልክ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሁን ይቆማል ስል አይቆምም፤ እየተንቀጠቀጠ ወደ ባንኮኒው ጠርዝ ይሄዳል። ሊወድቅ ሲል ሾፌሩ ያዘልኝና፣ «አንሺው እንጂ እህቴ፣ ሰው ሞቶም ይሆናል» አለኝ። ደንግጬ ከፈትኩት።

ማንም አልሞተም። የግራው ፍቅረኛ ይዞ ነበር።

«የግራው» የምንለው የአንድ የኮሪያ ባንድ ዘፋኝ ነው። አምስት ናቸው። ስማቸውን በቃላችን እናውቀዋለን፤ ግን ዘጠነኛ ክፍል ሆነን እኔና ጓደኛዬ ተዋጥተን በገዛነው ፖስተር ላይ ከሁሉም በስተግራ የቆመው እሱ ስለነበር፣ ቤተሰብ ፊት ስናወራ እንዳይነቃብን «የግራው» አልነው። በዚያው ቀረ። እያደር ኮልፌ ውስጥም ከኮልፌ ውጪም እሱን የሚወዱ ልጆች ተገኙና ስልክ ላይ ግሩፕ ከፈትኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችን ወጣት ማዕከል አዳራሽ ውስጥ የባንዱን ዳንስ እያየን መለማመድ ያዝን። ዓመታት ሄዱ፤ እኔ ሱቅ ገባሁ፣ ጓደኛዬ መዋዕለ ሕፃናት ማስተማር ጀመረች። ግሩፑ ውስጥ ግን አብዛኞቹ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ እኛን «እትዬ» ሊሉን ምንም አይቀራቸውም።

ጓደኛዬን ከሁላችንም የሚለያት ኮሪያኛ መቻሏ ነው። እኛ የዘፈኑ ቃል ሳይገባን አብረን ስንጮህ፣ እሷ ቁጭ ብላ ፊደሉን አጠናች። ከዚያ ሰዋስዉን። ከዚያ ዘነበወርቅ ያለው ቤታቸው ውስጥ ልብስ እያጠበች፣ ታናናሾቿን እያበላች፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ንግግሩን። የግራው በቀጥታ ሥርጭት ቀርቦ ሲያወራ እየሰማች በአማርኛ ትጽፍልን ጀመር። ደረቅ ትርጉም አልነበረም። እሱ ሲያመነታ ጽሑፏ ያመነታል፤ ሲቀልድ ያስቃል። እንግሊዝኛ የማይገባቸው ልጆች ሥርጭቱን ከማየት ይልቅ የእሷን ጽሑፍ ይጠብቁ ነበር። የግራው በጭንቅላታቸው ውስጥ የሚያወራው በእሷ አማርኛ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከወሬው ጥቂት ወራት በፊት የግራው ከአንድ ረጅም ጉዞ ተመልሶ በቀጥታ ሥርጭት ቀረበ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ብዙም አላወራም። ሊሰናበት ሲል ኮፍያውን አወለቀና አንድ አጭር ነገር አለ። ጓደኛዬ ጻፈችው፦ «ከእናንተ በቀር ማንም የለኝም።»

ግሩፑ በለቅሶ ተሞላ፤ የደስታ ለቅሶ ነው። ልጆቹ አረፍተ ነገሩን የስልካቸው ፊት ላይ አደረጉት። ለልደቱ ደግሞ ነጭ ቲሸርት አሠርተን ከጀርባው ላይ በትልልቅ ፊደል አሳተምነው። ኬክ ታዘዘ፣ ፊቱ ያለበት። ዳንሱ ተጠንቷል፤ ጓደኛዬ የእሱን ቦታ ይዛ በስተግራ ነው የምትቆመው። አዳራሹን የሚጠብቁትን ጋሼ ለምነን ድምፅ ማጉያውን ፈቅደውልናል። ልደቱ ሊከበር የቀረችው ያቺ ሳምንት ብቻ ነበረች፤ ያኔ ነው እንግዲህ ስልኬ የተንቀጠቀጠው።

ፎቶው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የተነሳ ነው። የግራው ጃንጥላ ይዟል፤ አጠገቡ አንዲት ተዋናይት አለች፤ ሁለቱም አፋቸውን ሸፍነዋል። ከሥሩ የኩባንያቸው መግለጫ አለ፤ በመልካም ስሜት እየተዋወቁ ነው ይላል። ይኸው ነው። ከዚያ በታች ያለው የእኛ ጉድ ነው።

አንዷ በድምፅ መልእክት ታለቅሳለች፤ ቃል የለውም፣ ለቅሶ ብቻ። ሌላዋ ፎቶው የተቀነባበረ ነው ብላ ጥላውን በቀይ እያከበበች ታስረዳለች። ሦስተኛዋ ተዋናይቷን ከአፍንጫዋ ጀምራ እስከ እግሯ ትሰድባለች። አንዷ ፖስተሩን ከግድግዳ ላይ ስትቀድ እህቷ ቀርጻት ለጥፋዋለች። «ኬኩ ይሰረዝ!» የምትል አለች። «ኬኩስ አይቅር፣ የእሱ ፊት ተነስቶ የአራቱ ይደረግ» የምትልም አለች። በዚህ ሁሉ መሃል አንዷ ተዋናይቷ የለበሰችው ኮት የት እንደሚገኝ ትጠይቃለች።

እኔ ምን እንደተሰማኝ በደንብ አላውቅም ነበር፤ ምክንያቱም ፋታ አላገኘሁም። ስድቡን ስሰርዝ ሌላ ይመጣል። ስሰርዝ «አንቺ የማን ወገን ነሽ?» ይሉኛል። ሾፌሩ ፊልትሮውን እየጠበቀ ነው። ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ሳላስብ ነገርኩት። ወጥቶ ሳይጨርስ ለጋራዡ ሁሉ አዳረሰው መሰለኝ፣ ከሰዓት በኋላ ካንዴላ ሊገዛ የመጣ መካኒክ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ኮሪያዊቷ! ባልሽ ጥሎሽ ሄደ አሉ!» እያለ ሙድ ያዘብኝ። ከኋላው ያሉት ሳቁ። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ ሰምታ ጠበቀችኝ።

«እሰይ!» አለች እጇን ወደ ላይ ዘርግታ። «ተመስገን፣ ጸሎቴ ተሰማ። እሱም የራሱን ፈለገ። አሁን እናንተ ሰው ትሆናላችሁ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ላገባው አልነበረም።»

«ታዲያ ፊትሽን ምን አጠቆረው?»

ምን እላታለሁ? ግሩፑ ውስጥ ላሉት «እሱም ሰው ነው፣ ተዉት» እላለሁ፤ ጋራዡና ቤት ውስጥ ላሉት ደግሞ «ልጆቹ እኮ እውነት አዝነዋል፣ አትሳቁባቸው» እላለሁ። ለሁለቱም ወገን ጠበቃ ቆሜ ሁለቱም ያፌዙብኛል። ያ ነበር ያቃጠለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን እንደከፈትኩ ግሩፑ ላይ አንድ አጭር ነገር ጻፍኩ። «የግራው እንኳን ደስ ያለህ። ልደቱ ቅዳሜ እንደታሰበው ይከበራል።» ስድቡ ይቆማል ብዬ ነው። ወዲያው ጓደኛዬ ደወለች።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ምኑን?»

«እንኳን ደስ ያለህ የምትይው በማን ስም ነው? በእኔም ስም ነው እንዴ?»

«ምን ልበል ታዲያ? እንኳን ደስ አይበልህ?»

«ምንም አትበይ! ዝም ማለት የሚባል ነገር የለም?»

«ስሚኝ፣ ልጆቹ ያቺን ሴትዮ እየሰደቡ...»

«ስለ ሴትዮዋ አይደለም የማወራው» አለች። «ሴትዮዋ ምን አደረገችኝ? ቲሸርቱ ላይ ያለው የማን ቃል ነው?»

«የእሱ ነዋ።»

«አይደለም። የእኔ ነው። እሱ ያለውን አንዳቸውም አልሰሙትም፤ የሰሙት እኔን ነው። ለነዚያ ልጆች ማንም የለውም፣ እናንተ ብቻ ናችሁ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እንደዚያ ሲል ከሴትዮዋ ጋር ነበር። ውሸቱን በአፌ ነው ያስወራው።»

ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ በፊት እንዲህ ዘግታብኝ አታውቅም። መልሼ ብደውል አታነሳም። በእውነት ተናደድኩባት። የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ጃንጥላ የያዘ አንድ ሰው፣ መኖራችንን እንኳ የማያውቅ ሰው፣ የስንት ዓመት ጓደኛዬ ስልክ እንዳታነሳልኝ አደረገ።

የፈራችው ነገር ደግሞ ደረሰ። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ፣ ከሁሉም በላይ ጓደኛዬን የምትከተል፣ የዚያን ቀን ንግግር የእንግሊዝኛ ትርጉም ከሆነ ቦታ አግኝታ ግሩፑ ላይ ለጠፈችው። እንግሊዝኛው «እንደ እናንተ ያለ የለም» እንደ ማለት ነው። ከሥሩ ልጅቷ፣ «እሱ አልዋሸም። እሷ ናት ከራሷ የጨመረችው» ብላ ጻፈች። ከዚያ ተቀባበሉት። ሲያለቅሱ የነበሩት አሁን የሚቆጡት ሰው አገኙ፤ ሴዑል ድረስ መሄድ አላስፈለጋቸውም፣ ዘነበወርቅ ናት። «ቲሸርቱን ያሠራነው በአንቺ ውሸት ነው» ይሏታል። የሰጠቻቸውን ያን ሁሉ ዓመት አንዷ እንኳ አላነሳችም። ማንን ሰርዤ ማንን እንደምተው ጠፋኝና ግሩፑን ለጊዜው ዘጋሁት። «አምባገነን» ተባልኩ።

በዚያው ቀን ያ ሙድ የያዘብኝ መካኒክ ቺንጊያ ሊገዛ መጣ። ዋጋውን ነገርኩት። «ኧረ ቀንሺልኝ እህቴ» አለኝ፤ «ተያ፣ እኔ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?» ይህን ሲል ከጎናችን ያለው ሱቅ ደርሶ እንደመጣ አይቼዋለሁ። ልስቅ ስል አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ሰው እንዲህ ይላል። ለባለሱቅ ይላል፣ ለእህቱ ይላል፣ ብር ለሚያበድረው ይላል። ሲለው አይዋሽም፤ ግን ማንም ሌላ የለውም ማለቱም አይደለም። የግራውም እንዲሁ ብሎ ከሆነስ?

ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብዬ ወደ ዘነበወርቅ ታክሲ ተሳፈርኩ። ልጆቹ ወደየቤታቸው የሚሄዱበት ሰዓት ነበር፤ ጓደኛዬን የመዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ፣ የአንዱን ልጅ ጫማ እያሰረች አገኘኋት። ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል የሚመጣው ነፋስ ተነስቶ ስለነበር በነጠላዋ ጠርዝ አፍንጫዋን ሸፍናለች። ልጁን እናቱ እስክትወስደው ጠበቅኩና ያሰብኩትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ መካኒኩን፣ ቺንጊያውን፣ ሁሉንም።

ሳቀች። ግን ጥሩ ሳቅ አልነበረም።

«ይህን ልትነግሪኝ ነው ሱቅ ጥለሽ የመጣሽው? አውቃለሁ እኮ። ኮሪያዎች ምሳ ለጋበዛቸው ሰው ሁሉ ይሉታል። የተለመደ አባባል ነው።»

«አውቀሽ ነው የጻፍሽው?»

«አውቄ ነው።»

«ታዲያ እንደ አባባል ለምን አልተረጎምሽውም? ‹ተባረኩ›፣ ‹ኑሩልኝ› አይባልም ነበር?»

ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ላይ አወረደች። «ሲለው እንደ አባባል አላለውም። ኮፍያውን ሲያወልቅ አላየሽውም? ድምፁ ተሰብሮ ነበር። እኔ የተረጎምኩት ድምፁን ነው። ወይም ድምፁ የተሰበረ የመሰለው ለእኔ ብቻ ይሆናል። ይህን ነው አሁን የማላውቀው። አንቺ ንገሪኝ፣ ተሰብሮ ነበር?»

እኔ ኮሪያኛ አልችልም። ትዝ የሚለኝ የእሷ ጽሑፍ ነው። እንዲህ አልኳት። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። በሩ ፊት ያለው ፌርማታ ላይ ቆሜ መንገዱን ስታቋርጥ ሳያት ልከተላትም ልተዋትም አልቻልኩም፤ መሬቱን በእግሬ መምታት ነው የቀረኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ግማሹ ቀሩ። ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ቲሸርቱን ገልብጠው፣ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ሆኖ ለብሰውታል፤ ፊደሉ በነጩ ጨርቅ ውስጥ ተገልብጦ ይታያል። ሁለት ሦስቱ ጥቁር ለብሰዋል። ፊኛ የሚነፋ የለም፤ በየማዕዘኑ ተቧድነው ያንሾካሹካሉ። አዳራሹን የሚጠብቁት ጋሼ በሩ ላይ ቆመው አዩንና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ልደት ነው አላልሽኝም?»

«ነው ጋሼ።»

«እኔ ለቅሶ መስሎኝ ወንበር ልጨምር ነበር» አሉ። መቀለዳቸው አልነበረም፤ ወንበሩን አንድ በአንድ ማውጣት ጀምረው ነበር።

ጓደኛዬ ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም። መጣች። ቲሸርቱን በትክክል ለብሳዋለች፣ ጽሑፉ ወደ ውጪ። በአዳራሹ መሃል አልፋ ጃኬቷን ወንበር ላይ ስታስቀምጥ ጀርባዋን ሁሉም አነበበው። ያቺ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«አሁንም ትለብሽዋለሽ?» አለቻት። «ያላለውን ብለሽን?»

«ብሎታል» አለች ጓደኛዬ። «አንድ ቃል አልጨመርኩም። ያለውን ነው የጻፍኩት። ምን ማለቱ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም። አውቃለሁ ብዬም መጻፍ አልነበረብኝም።»

«እኔ እኮ አንቺን አምኜ ነው!» ልጅቷ በአንዴ ማልቀስ ጀመረች። አፍንጫዋን በቲሸርቱ እጅጌ ትጠርጋለች። ሕፃን ናት ለካ፤ ግሩፑ ላይ ስትጽፍ ትልቅ ሴት ትመስለኝ ነበር።

ጓደኛዬ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷ ወደ ኋላ ሸሸች። ሁላችንም እንደ ጅል ቆመናል። ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረ ሄጄ ሙዚቃውን ለቀቅኩት። ስንት ቅዳሜ የለፋንበት ዳንስ ነው፤ ሰውነታችን ከእኛ ቀድሞ ቦታውን ያዘ። ጓደኛዬ በስተግራ ቆመች። በዚያ ሁሉ ንዴት ውስጥ እንደዚያን ቀን አሳምረን ጨፍረን አናውቅም፤ ወለሉ እስኪንቀጠቀጥ ረገጥነው፣ እግራችን አንድ ላይ ይወርዳል፣ ማንም የማንንም ፊት አያይም። ሙዚቃው ሲያልቅ ጋሼ ብቻ አጨበጨቡ። ጓደኛዬ ላቧን ጠርጋ፣ ጃኬቷን አንስታ፣ ቻው ሳትል ወጣች።

ኬኩ መጣ። በሌሎቹ ዓመታት የግራውን ፊት የሚደፍር አይገኝም ነበር፤ ዳር ዳሩን በልተን ፊቱ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ያን ቀን ቢላዋውን ለመያዝ ተጋፉ። አንዷ ዓይኑን፣ አንዷ አገጩን ልትቆርጥ። ተናድጄ ቢላዋውን ነጠቅኳቸውና ከዳር እስከ ዳር እኩል እኩል ቆራረጥኩት። ሲበሉት «ይጣፍጣል» አሉ። እንዴት እንዳበሸቀኝ!

ከዚያ በኋላ ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። ከፊሉ የሌሎቹን አራቱን ብቻ ይወዳል፤ ከፊሉ የግራውን ይዞ ቀረ፣ ግን ስለ ተዋናይቷ መናገር ክልክል ነው፣ እንደሌለች ነው የምትቆጠረው። ጓደኛዬ መተርጎሙን ተወች። ከእኔ ጋር ቀስ በቀስ መነጋገር ጀመርን፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ልጆች፣ ስለ አባቴ ደም ግፊት፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ። ስለሌላው አናነሳም።

ከወራት በኋላ ሌላ መግለጫ ወጣ። የግራውና ተዋናይቷ ተለያይተዋል፤ ሥራ በዝቶባቸው ነው ይላል። ስልኬ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከፈትኩት። እልልታ ነው። በድምፅ ቀርጸው የላኩት እልልታ፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየተቀባበለ። ወጥተው የነበሩት «መልሺን፣ መልሺን» ይሉኛል። ፖስተር የቀደደችው አዲስ ገዝታ ለጥፋለች። ሁለት ሰዎች ተለያዩ፤ ምናልባት አንዳቸው የሆነ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ እያለቀሰ ነው፤ እኛ ኮልፌ ውስጥ ሠርግ ደግሰናል። ከመጀመሪያው ወሬ ይልቅ ይኼኛው ነው የመረረኝ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት ጓደኛዬ ሱቅ መጣች። የዘይት ካርቶን ላይ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። የግራው በእጁ ጽፎ የለጠፈው መልእክት አለ። መጀመሪያ በኮሪያኛ አነበበችልኝ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ። ስላስጨነቅኳችሁ ይቅርታ ይላል። ስላሳዘንኳችሁ ይቅርታ። ከእንግዲህ በሥራዬ ብቻ እንድትኮሩብኝ አደርጋለሁ ይላል።

«ይቅርታ የሚጠይቀው ምን አድርጎ ነው?» አለችኝ ቀና ብላ።

«ይህን ተርጉመሽ ለምን አትለጥፊላቸውም? ያንብቡትና ይፈሩ።»

«አያፍሩም፤ ደስ ይላቸዋል። አልተረጉምም።»

ስልኳ ጮኸ። አየችውና አሳየችኝ። ያቺ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ አሁን ዘጠነኛ ገብታለች። «እባክሽ ምን እንዳለ ንገሪኝ፤ ያንቺ ነው የሚገባኝ» ብላ ጽፋለች።

«መልሺላት፣ ልጅ እኮ ናት።»

«ልጅ ናት» አለች። «እኔም ደክሞኛል።» ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በዚህ አልተስማማንም። እስካሁንም አልተስማማንም። እኔ ለዚያች ልጅ መመለስ ነበረባት እላለሁ። እሷ ደግሞ አንድ ጊዜ ከመለስኩ እንደገና የእሱ አፍ እሆናለሁ ትላለች።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ኮሪያኛ ምን ልታደርጊው ነው?» አልኳት።

«ፈተና ልቀመጥበት ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ማንንም የማያስለቅስ ነገር እተረጉማለሁ። የፍሪጅ መመሪያ።»

ከልቤ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። አንድ ሾፌር መጥቶ ፍሬን ሸራ አለ ወይ ብሎ ጠየቀን፤ እኔ እየፈለግሁለት እሷ ተነስታ የትኛው መኪና እንደሆነ ጠየቀችው፣ ሱቁ ስትመላለስ ሥራውን ለምዳዋለች። ሰውየው ሲሄድ ስልኬን አንስቼ ግሩፑን ከፈትኩት። እልልታው አላቆመም ነበር። የግሩፑን ኃላፊነት በዕድሜ ከእኛ ለምትከተለው ልጅ አስተላለፍኩና ከግሩፑ ወጣሁ። ጓደኛዬ «ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ፤ ነገርኳት። የሱቁን መዝጊያ አብረን ጎትተን ዘጋነውና ወደ ታክሲ ሰልፉ ሄድን።